አዲስ አበባ ላይ ለማምሸት፦ ቤቱን ሳይሆን ባለሙያውን ተከተሉ

የአክስቴ ልጅ ከሐዋሳ መጥቶ ሦስት ቀን ቆየ። "አንድ ማታ ደህና ቦታ ውሰደኝ፣ ሙዚቃ ያለበት" አለኝ። እኔም ወዲያው "ካዛንቺስ እንሄዳለን" አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ስሙ አለ፣ መንገዱም ሰፍቶ አምሮበታል። ግን እነዚያ ከውጭ ሲያዩዋቸው ተራ መኖሪያ ቤት የሚመስሉት፣ በራቸውን ከፈት ስታደርጉት የማሲንቆ ድምፅ የሚቀበላችሁ አዝማሪ ቤቶች በ2017 ዓ.ም ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ አብረው ተነስተዋል።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ፒያሳ ላይ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር ፈርሷል። ከዚያም በፊት በ2007 ዓ.ም ጥር ላይ ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል፣ እዚያው ግቢ የነበረው የሙዚቃ ቤት ጃዝአምባ አብሮ ተቃጥሏል። ስንቶቻችን ነን እዚያ ቤት አምሽተን ወደ ቤታችን እያንጎራጎርን የገባነው?

ስለዚህ "አሥር ምርጥ ቤቶች" የሚል ዝርዝር አልሰጣችሁም። እንዲህ ዓይነቱ ዝርዝር አዲስ አበባ ላይ ዓመት አይቆይም። ይልቅ ምሽቱን እንዴት እንደምትፈልጉት፣ ስትገቡ ምን እንደምታደርጉ፣ በሰላም እንዴት እንደምትመለሱ ልንገራችሁ። ቤት ይፈርሳል፣ ይዘጋል፣ ስሙን ይቀይራል። ማሲንቆ የሚመታው ሰውዬ ግን የሆነ ቦታ ዛሬ ማታም ይጫወታል።

ከመውጣታችሁ በፊት መመለሻውን

ከሁሉ በፊት ይሄን ጨርሱ። ከተማው ወደ ዳር ሰፍቷል፤ ብዙዎቻችን የምንኖረው ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ አያት ነው። ሙዚቃው ግን አሁንም በአብዛኛው ቦሌ፣ 22፣ ቺቺኒያ፣ ሳር ቤትና ፒያሳ ዙሪያ ነው። በሚኒባስ ታክሲ መሄድ ትችላላችሁ፤ በሚኒባስ መመለስ ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ እየከበደ ይሄዳል። ባቡሩንም ለማታ አትቁጠሩት።

በስልክ አፕሊኬሽን የሚጠራ ታክሲ፣ ራይድ ወይም ፈረስ ነው የሚያዋጣው። ዋጋው ሩቅ ሰፈር ለሚኖር ሰው ከባድ ነው፣ አንዳንዴ ከጠጣችሁት ይበልጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያውኑ በአንድ አቅጣጫ የሚኖሩ ሦስት አራት ሰዎች ሆናችሁ ብትወጡ ሒሳቡን ትካፈላላችሁ። የመመለሻውን ብር ለብቻው አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ምንም ቢመጣ አትንኩት። የስልካችሁን ባትሪ ሙሉ። መኪናው ሲመጣ ታርጋውን አፕሊኬሽኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩና ቤት ላለ ሰው ላኩለት። በተለይ ሴቶች፣ እባካችሁ ይሄን ልማድ አድርጉት። እኔ እህቶቼን ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፤ ታርጋው ሳይደርሰኝ አልተኛም።

መኪና ያላችሁ ደግሞ ልትጠጡ ከሆነ መኪናውን ቤት ተዉት። "ሁለት ብቻ ነው የምጠጣው" ብሎ ወጥቶ በሁለት የተመለሰ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ትልልቆቹ ሲያወሩ እንደሰማችሁት በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበረ ያመሸ ሰው በሩ ተዘግቶበት እዚያው ጭፈራ ቤት ነበር የሚያነጋው። ዛሬ እንዲህ የሚያስገድደን ነገር የለም። ሲደክማችሁ ውጡ።

አመሻሹን አታባክኑት

ብዙ ሰው ማምሸት ማለት ከ4 ሰዓት በኋላ ቤት መግባት ይመስለዋል። ለኔ የአዲስ አበባ ጥሩ ሰዓት ከ11 እስከ 2 ያለው ነው። ይሄን ሰዓት በቲያትር መጀመር ትችላላችሁ። ሀገር ፍቅር ከ1927 ዓ.ም ጀምሮ አለ፣ ብሔራዊ ቲያትር በ1948 ዓ.ም ነው የተከፈተው። ሁለቱም ጋ የሚታየው ቲያትር እንደ ቀኑ ይለያያል፤ በር ላይ የተለጠፈውን አይታችሁ፣ መስኮቱ ላይ ትኬት ቆርጣችሁ መግባት ነው። ብሔራዊ ከሆነ ቀጠሮአችሁን የድንጋዩ አንበሳ ጋ አድርጉት፣ ማንም አይጠፋም። ትኬቱ ቦሌ አንድ ማታ ከምታወጡት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሰው አንድ ላይ ሲስቅ ያለው ስሜት ደግሞ ስልክ ላይ አይገኝም።

ግጥም የምትወዱ ከሆነ ራስ ሆቴል ሲካሄድ የቆየውን ጦቢያ ግጥም በጃዝን ጠይቁ። በወር አንዴ ሲዘጋጅ የቆየ ነው፣ አዳራሹ ቶሎ ይሞላል፣ ቀኑንና ቦታውን አረጋግጣችሁ ቀድማችሁ ሂዱ። ራስ ሆቴል ራሱ ለሙዚቃ አዲስ አይደለም፤ አይቤክስ ባንድ የተጫወተበት ቤት ነው።

ገንዘብ ከሌላችሁም አትቅሩ። አሁን የተሠሩት የእግረኛ መንገዶች ማታ መብራታቸው ደስ ይላል። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ በ2016 ዓ.ም የተመረቀውን የዓድዋ መታሰቢያ በውጭ እዩት፣ የሆነ ጥግ ላይ የጀበና ቡና ጠጡ። ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሲንሸራሸር ታያላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያ መንገድ ላይ በዚያ ሰዓት ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው አላይም ነበር።

ኳስ ያለ ቀን ደግሞ ምክር አያስፈልጋችሁም። ዲኤስቲቪ ያለበት ቤት ሁሉ ሙሉ ነው፣ ጆተኒው ከነጩኸቱ ደጅ ላይ አለ።

የባህል ምግብ ቤት

ከውጭ የመጣ ዘመድ ካላችሁ፣ ወይም ከእናትና አባታችሁ ጋር ከሆናችሁ፣ እንደ ዮድ አቢሲኒያ፣ 2000 ሀበሻና ቶቶት ያሉት የባህል ምግብ ቤቶች ይሻላሉ። በአንድ መድረክ የጉራጌውን፣ የወላይታውን፣ የትግራዩን፣ የኦሮሞውን፣ የጎንደሩን ጭፈራ ታያላችሁ። አንዳንድ ሰው "ለቱሪስት የተሠራ ነው" ብሎ ይንቃቸዋል። እኔ አልንቃቸውም። እነዚያ ተወዛዋዦች በየማታው ልብስ እየቀየሩ የሚሠሩት ሥራ ቀላል አይደለም፣ ትንፋሻቸውን ከቅርብ ብትሰሙት ይገባችኋል።

ቅዳሜና እሁድ ከሆነ ደውላችሁ ቦታ አስይዙ። ጭፈራው ከመጀመሩ በፊት ድረሱና እራት ቀድማችሁ እዘዙ፤ ከተጀመረ በኋላ አስተናጋጅ ለማግኘት ትቸገራላችሁ። አንድ ተወዛዋዥ መጥታ ትከሻዋን እየነቀነቀች ፊታችሁ ከቆመች ተነሱ። እስክስታ ባትችሉም ተነሱ። ማንም ውጤት አይሰጣችሁም።

ስለ ሒሳብ አንድ ነገር። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ቫት ያለው መሆኑን ጠይቁ። 15 በመቶ ቫትና 10 በመቶ ሰርቪስ ሲጨመርበት ሺ ብር ያላችሁት ከሺ ሁለት መቶ አምሳ በላይ ይሆናል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር ባለፈው ዓመት የከፈላችሁትን ይዛችሁ አትሂዱ። እኔ አንድ ጊዜ፣ የቤቱን ስም ልተወው፣ ያላዘዝነው ሁለት ጠርሙስ ሒሳብ ላይ ገብቶ ከአስተናጋጁ ጋር ግማሽ ሰዓት ተከራክረናል። ምሽታችን ተበላሸ። ከዚያ ወዲህ ባዶ ጠርሙስ እንዲነሳ አልፈቅድም፤ "እህቴ፣ ስንወጣ አብረን እንቆጥረዋለን" እላለሁ። ማንም ተቀይሞኝ አያውቅም።

አዝማሪ ቤት

ወደ ልቤ ነገር መጣሁ። አዲስ አበባ ላይ አንድ ማታ ብቻ ቢኖራችሁ አዝማሪ ቤት ሂዱ እላለሁ። በየከተማው የማታገኙት ይሄን ነው። ባንድ የትም አለ፣ ዲጄ የትም አለ። ስማችሁን ሰምቶ፣ ሸሚዛችሁን አይቶ፣ የመጣችሁበትን አገር ጠይቆ እዚያው ግጥም የሚሰድርላችሁ ሰው ግን ብዙ ቦታ የለም።

እንዴት ታገኙታላችሁ? ካዛንቺስ ከተነሳ በኋላ ባለሙያዎቹ ተበትነዋል። አንዳንዱ የባህል ምግብ ቤት ገባ፣ አንዳንዱ 22ና ቺቺኒያ አካባቢ ትንሽ ቤት ይጫወታል፣ አንዳንዱ በሳምንት ሁለት ቀን እዚህ ሁለት ቀን እዚያ ነው። ስለዚህ የቤት ስም ሳይሆን የሰው ስም ጠይቁ። የባህል ምግብ ቤት ስትሄዱ ማሲንቆ የመታውን ሰውዬ ሲወርድ አግኙትና "ጋሼ፣ ሌላ ቀን የት ነው የምትጫወተው?" በሉት። ደስ ብሎት ይነግራችኋል። ቲክቶክና ቴሌግራም ላይም ብዙዎቹ አሉ፣ ማታ የሚሠሩበትን ቤት ራሳቸው ይለጥፋሉ። የባንድ ሙዚቃም እንዲሁ ነው፤ ያው ባንድ ማክሰኞ አንድ ቤት፣ ሐሙስ ሌላ ቤት ነው። የሳምንቱን ቀን ካወቃችሁ ቤቱን አወቃችሁ ማለት ነው። ሳትነሱ ግን ደውላችሁ አረጋግጡ።

ከ3 ሰዓት ተኩል በፊት አትድረሱ፣ ቤቱ ገና አይሞቅም። ዝርዝር ብር ያዙ። ሒሳቡን በቴሌብር መክፈል ትችሉ ይሆናል፣ ለአዝማሪው ሽልማት ግን በእጅ የሚሰጥ ብር ነው የሚያምረው። አምሳ አምሳና መቶ መቶ አድርጋችሁ ዘርዝሩ። ጠጅ የማትጠጡ ከሆነ ብርዝ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ፤ ከሌለ ለስላሳ ወይም አምቦ ውሃ ይዞ መቀመጥ ነውር አይደለም። ጠጅ የምትጠጡ ደግሞ ጣፋጭነቱ እንዳያታልላችሁ፤ ጉልበቱን የምታውቁት ስትነሱ ነው።

የአክስቴን ልጅ የወሰድኩት እንዲህ ዓይነት ቤት ነው። ሃያ ሰው የማይሞላው ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ቁርበት ተሰቅሏል፣ ወለሉ ላይ ቄጠማ፣ ዱካው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ነው የሚቀመጠው። ማሲንቆው አንድ ጅማት ብቻ ነው ያለው፣ የፈረስ ጭራ። አዝማሪው ደጋኑን ሲስበው በቀኝ በኩል የነበረው ወሬ ቆመ፣ ሲገፋው በግራ በኩል ያለው ቆመ። ከዚያ ወደኛ መጣ። "እንግዳው ከየት ነው?" አለኝ። "ከሐዋሳ" አልኩት። የአክስቴ ልጅ ጠጁን ፈርቶ ከንፈሩን ብቻ እያስነካ ነበር፤ እሱንም አይቶበታል።

ሐዋሳ ላይ አድጎ ዋና የለመደ፣
ብርሌ ሲያቀርቡለት ዳር ዳሩን ሄደ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ልጁ እየሳቀ ብርሌውን አነሳ።

እዚህ ላይ የምነግራችሁ ዋናው ነገር፣ ሲነኳችሁ አትቀየሙ። አዝማሪ የሚነካካው ሊያቀርባችሁ ነው። ፀጉራችሁን፣ ዝምታችሁን፣ አጠገባችሁ የተቀመጠችውን ልጅ፣ ሁሉንም ያነሳል። ስቃችሁ "እሰይ!" ካላችሁት ያወድሳችኋል፤ ፊታችሁን ካጠቆራችሁ ሌላ ጠረጴዛ ይሄዳል፣ ማታው አለፋችሁ። ግን የምር ያልወደዳችሁት ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ከሥራ ባልደረባችሁ ጋር ሆናችሁ እንደ ፍቅረኛሞች ካወደሳችሁ፣ ጠጋ በሉና በጆሮው ንገሩት። ያስተካክለዋል። ሙያው ነው።

ሽልማቱን አትወርውሩት። ተነስታችሁ ግንባሩ ላይ ለጥፉለት፣ ወይም በእጁ በአክብሮት ስጡት። ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መሄድ ደስ አይልም። ስንት? የቻላችሁትን። ግን አስቡት፤ ብዙዎቹ ዋናው ገቢያቸው ይሄው ነው፣ ቤቱ የሚከፍላቸው ትንሽ ነው። ለራሳችሁ አንድ ቢራ ስታዝዙ የአንድ ቢራ ዋጋ ለእሱ አስቡ፣ እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ይሄ ነው።

"ተቀበል!" ብላችሁ ራሳችሁም ግጥም መስጠት ትችላላችሁ። እናንተ ስንኙን ትላላችሁ፣ እሱ በዜማ ይደግመዋል። ቤት ይምታ እንጂ ረቂቅ መሆን የለበትም። ግጥም ካልመጣላችሁ ደግሞ የልባችሁን ነገር በጆሮው ንገሩት። የአክስቴ ልጅ የዚያን ማታ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር አንሾካሾከለት። እህቱ ቤይሩት ከሄደች አራት ዓመቷ ነው። አዝማሪው ትንሽ ዝም አለ፣ ደጋኑን አንድ ሁለቴ ሳበና፣

ማር ልታመጣ ሄዳ ንቢቱ ባሕር ማዶ፣
ክረምት መጣ ሄደ ቀፎው ቀረ ባዶ።

አለ። ልጁ ነጠላ ጫፍ እንደሚፈልግ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ማዶ የተቀመጡ ሁለት ትልልቅ ሴቶች፣ ማን እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ "አይዞህ ልጄ፣ ትመጣለች" አሉት። ማንም ስልክ አውጥቶ አልቀረጸም። እናንተም እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት፤ መቅረጽ ከፈለጋችሁ ቀደም ብላችሁ አዝማሪውን አስፈቅዱ።

ጭፈራ ቤት መሄድ ለምትፈልጉ

አጭር ነው የምለው። ቦሌ ዙሪያ ሞልቷል፣ ከ5 ሰዓት በኋላ ነው የሚሞቀው። አንዳንዱ በር ላይ ያስከፍላል፣ አንዳንዱ ጠረጴዛ ለመያዝ ሙሉ ጠርሙስ እንድታዝዙ ይጠይቃል፤ ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ። ከ2011 ዓ.ም አዋጅ ወዲህ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ መሸጥ ክልክል ነው፣ ሰው በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስና ሺሻም እንዲሁ። መታወቂያ ያዙ። ሺሻ ያለበት ቤት ፖሊስ ሊመጣ ይችላል፣ ራቁ። መጠጣችሁን ጥላችሁ ለመጨፈር አትነሱ፤ ከተነሳችሁ ሌላ አዲስ እዘዙ። አብራችሁ የገባችሁትን ሰው ሳትይዙ አትውጡ።

ጾም ደግሞ አትርሱ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ብዙ ቤት ይቀዘቅዛል፣ አዝማሪ ቤትም የሚዘጋ አለ። ያን ጊዜ ቲያትርና የእግር መንገድ ይሻላል። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ግን ቦታ ለማግኘት ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል።

የዚያን ማታ 6 ሰዓት ላይ ነው የወጣነው። ራይዱ እስኪመጣ ደጅ ቆመን ሳለ አዝማሪውም ማሲንቆውን በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ። የስልክ ቁጥሩን ሰጠኝ፣ "ሐሙስና ቅዳሜ ሌላ ቤት ነኝ፣ ደውልልኝ" አለ። የእኔ ማስታወሻ ውስጥ አሁን እንዲህ ዓይነት ስምንት ስም አለ፤ ከስሙ አጠገብ የቤት ስም የለም፣ ቀን ብቻ ነው የጻፍኩት።